«በአሥር ቀን ይድረስልኝ» ለሚል የክራር ደንበኛ ምን ይመለሳል?

የሄርማታው ጠራቢ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ሄርማታ አካባቢ ክራር፣ መሰንቆ፣ በገናና ድቤ እየሠራሁ፣ ጎን ለጎንም ከአዲስ አበባ የማመጣቸውን ጊታሮችና ኪቦርዶች የምሸጥ ባለ ትንሽ ሱቅ ነኝ። የጠረባ ሥራውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። እሱ የሚሠራው ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ነበር። በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ እንደሚወጣ ሁሉ የበገና ገበቴም (ድምፅ የሚያስተጋባው የእንጨት ሆዱ) እንዲሁ ስለሚወጣ መጥረቢያውና መሮው ለእጄ እንግዳ አልሆኑብኝም፤ እንግዳ የሆነብኝ የደንበኛ ቀጠሮ ነው።

ባለፈው ሰኔ አንድ የአጋሮ ሰው ልጃቸው ስለምትመረቅ ባለ ስድስት አውታር ክራር በአሥር ቀን ውስጥ እንዳደርስላቸው ጠየቁኝ። በእጄ የነበረው የዋንዛ ገበቴ ከተፈለፈለ ገና ወር ያልሞላው ነበር። እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ግማሹን ዋጋ ቀብድ ብለው ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡልኝ «ይደርሳል» የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ቆዳውን ነክሬ ወጠርኩ፤ ዝናቡ አላቆም ሲል ከከሰል ምድጃ አጠገብ አኖርኩት፤ በዘጠነኛው ቀን ቫርኒሹ እያብለጨለጨ፣ ድምፁም ጥርት ብሎ አስረከብኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ክራሩን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ገበቴው ስንዝር ያህል ተሰንጥቋል፤ ቆዳው በአንድ በኩል ከጠፍሩ ሾልኳል፤ ልጅቷም «ትዝታ ቃኝቼ ስጀምር፣ ሳልጨርስ ስሙን የማላውቀው ቅኝት ውስጥ እገኛለሁ» ብላ ልካብኛለች። ለራሴ ያስቀመጥኩትን ክራር ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

በዚያው ወር ሌላ ደንበኛ መጣ። ከሰውየው ትምህርት ወስጄ ስለነበር «ሦስት ወር ይፈጃል» አልኩት። ሳቀና «እርስዎ እንጨት ሲያደርቁ ልጄ ትዳር ትይዛለች» ብሎኝ ሄደ፤ በሳምንቱም ከአዲስ አበባ ገዝቶ መጣ።

ስፈጥን ዕቃው ይመለስብኛል፤ ስዘገይ ደንበኛው ይሄድብኛል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራው ውስጥ የትኛውን ማሳጠር እንደሚቻል፣ የትኛውንስ ከቶ መንካት እንደማይገባ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

---

ባለሱቋ ከፈረንጅ አራዳ

ወንድሜ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ደንበኛ አቅልለህ እንዳታየው። እዚህ ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለአንድ ቀን ነው፤ ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለመውሊድ፣ ለትምህርት ቤት በዓል። ሠርጉ ቅዳሜ ከሆነ እሑድ የደረሰ ክራር፣ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለዚያ ሰው ማገዶ ነው። ደግሞም ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይገኝም። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ሲለቀም፣ እስከ ጥር ድረስ የገጠሩም የከተማውም ኪስ ይሞላል፤ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። በእነዚያ አራት ወራት «ቆይ» ያለ ነጋዴ የቀሩትን ስምንት ወራት በሩ ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል።

እኔ ከአንድ ዕቃ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ መደርደሪያ ላይ ሳላስቀምጥ የበዓል ሰሞን አልቀበልም። የእኔ ምክር ትእዛዝ መቀበልህን ቀንስና የተዘጋጀ ዕቃ ሽጥ የሚል ነው።

---

የአጋሮ ገዢ

እኔ ሠሪም ሻጭም አይደለሁም (ከላይ የተጠቀሱት ሰውዬም አይደለሁም)። በገዢ በኩል አንድ ነገር ልበል። የሚያናድደን መጠበቁ አይደለም፤ ዛሬ ነገ መባሉ ነው። አንድ ሠሪ «ሐሙስ ይምጡ» ብሎኝ ለገበያ ቀን ስመጣ «ቆዳው አልደረቀም»፣ በሚቀጥለው ሐሙስ «ልጁ ታሞብኝ» እያለ አራት ሐሙስ አመላልሶኛል። የትራንስፖርቱ ተደምሮ ከመሰንቆው ዋጋ ሊተካከል ምንም አልቀረውም። መጀመሪያውኑ «ወር ከአሥራ አምስት ቀን» ቢለኝ ኖሮ እሺ ብዬ ቤቴ እቀመጥ ነበር።

---

የደን መምህር

የክራሩ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ ለጥያቄው መልስ ግማሹ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍ።

እርጥብ እንጨት ውስጥ ያለው ውኃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሕዋሶቹ ባዶ ቦታ የተጠራቀመው ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ አይኮማተርም። ሁለተኛው በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይህ ሁለተኛው መውጣት ይጀምራል፤ መኮማተሩም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መኮማተሩ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ በጎኑ ግን ዓይን የሚያየው ነው። ጥያቄ አቅራቢው ገበቴውን ከሰል አጠገብ ሲያኖሩ የውጪው ሽፋን ፈጥኖ ደረቀና መኮማተር ጀመረ፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለነበር አልኮማተርም አለ። ውጪው ጠበበ፣ ውስጡ አልጠበበም፤ ስለዚህ ውጪው ተቀደደ። በዘጠነኛው ቀን ድምፁ ጥርት ብሎ የተሰማውም ላይ ላዩ ደርቆ ስለነበር ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እንጨት በአካባቢው አየር እርጥበት ልክ ይረጋል እንጂ ፈጽሞ ደርቆ አይቀርም። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 16 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 50 በመቶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በክረምት እዚህ «ደርቋል» የተባለ ገበቴ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ እዚያ ሁለተኛ ጊዜ ይደርቃል። ስለዚህ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ደንበኛውን መጠየቅ የቀጠሮው አካል ሊሆን ይገባል።

ማሳጠሩን በተመለከተ፣ ጣውላ በአየር ሲደርቅ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይፈጃል የሚል የቆየ የአናጺዎች ልማድ አለ። ይህ ለጠራቢ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም መውጫ አለው፦ ግንዱ እርጥብ ሳለ ገበቴውን ሸካራ አድርጎ መፈልፈል፣ ግድግዳውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍራም ትቶ በጥላ ማስቀመጥ። በውስጥም በውጪም ስለሚተነፍስ ከድፍን ግንድ እጅግ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ቢጣመምም የሚታረም ትርፍ ሥጋ አለው። የተቆረጠው ጫፍ ውኃውን ከሌላው ገጽ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያወጣ ሰም ወይም ዘይት ቀለም ይቀባ። መድረቁን ለማወቅ ደግሞ ጣት አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። በየሳምንቱ እየመዘኑ መጻፍና፣ ክብደቱ አራት ሳምንት ሙሉ ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ ወደ ማለስለስ መግባት ነው። የጅማ ቡና ነጋዴ ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ያለውን ቡና አይቶ ፊቱን ያዞራል፤ ለዚያው ቡና ጥላ የሆነው ዋንዛ ግን ማንም ሳይመዝነው ክራር ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ዋንዛን ካነሳሁ ዘንድ፣ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ከልክሎት ነበር፤ ያ አዋጅ በኋላ በሌላ ቢተካም፣ ከገበሬ ይዞታ በፈቃድ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ትእዛዝ ሲመጣ እንጨት ፍለጋ የሚወጣ ሠሪ ገና ሳይጀምር ዘግይቷል።

---

የሄርማታው ጠራቢ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ሸካራ በርጩማዎችን ከምድጃው በላይ ጢስ በሚደርሰው ቆጥ ላይ ደርድሮ ለወራት ይረሳቸው ነበር። እኔ ቦታ ስላነሰው ይመስለኝ ነበር።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ የቆዳው ነው። እንጨቱን አስቀድሜ ባደርቅ እንኳ ቆዳው ትእዛዝ ከመጣ በኋላ የሚወጠር ስለሆነ እሱን ምን ላድርገው?

---

የድቤ ሠሪ

ልጄ፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ እንዲህ ልጥራህ። ቆዳውን ከእሳት አጠገብ ማኖርህን ሳነብ ራሴን ይዤ ቀረሁ። እርጥብ ቆዳ እሳት ሲያገኝ እንደ ጥብስ ይኮማተራል፤ አንዱ ቦታ ይደነድናል፣ አንዱ ይሳሳል፤ የሳሳው በኋላ ከጠፍሩ ይሾልካል። የድቤ መቺዎች ከመጀመራቸው በፊት ድቤውን ፀሐይ ወይም እሳት ሲያሞቁት አይተህ ይሆናል፤ እሱ የደረቀ ቆዳ ጠጥቶ የላላበትን የአየር እርጥበት ለጊዜው አስወጥቶ ድምፁን ማንሣት ነው። የደረቀን ማሞቅና እርጥቡን ማድረቅ ለየቅል ናቸው።

በእኔ ቤት የፍየል ቆዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ከተወጠረ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል፤ በሐምሌ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኝ ያውቃል። ሁለቱም በጥላ ነው፣ ነፋስ በሚያልፍበት። ስለዚህ ለደንበኛ ቀን ስሰጥ መጀመሪያ የማየው ወሩን ነው፤ የክረምትና የበጋ ቀጠሮ አንድ ሊሆን አይችልም። አንተም ክረምት ሲገባ ቆዳ ሊለብሱ የሚችሉትን ገበቴዎች አስቀድመህ በሰኔ መግቢያ ላይ አልብሰህ ጨርስ። ቆዳ የለበሰ ገበቴ አውታርና ቀንበር (አውታሩ የሚታሰርበት አግዳሚ እንጨት) ሳይገጠምለት ወራት ቢቀመጥ አይጎዳም፤ አይጥ ካላገኘው።

ጠፍሩን ስትጎትት አንዱን ወገን እስከ መጨረሻው ጎትተህ ወደ ሌላው አትዙር። ከዚህም ከዚያም ፊት ለፊት ያሉትን ጥቂት ጥቂት እየሳብክ ሦስት ጊዜ ዙር። ጊዜ የሚወስደው ግማሽ ሰዓት ነው፤ የሚያተርፍልህ ግን አንድ ደንበኛ ነው።

---

በገና አስተማሪ

ከባለሱቋ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፤ ሁሉም መሣሪያ ለአንድ ቀን አይገዛም። በገና የሚገዛ ሰው ቢያንስ የዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስት ቀን አስቦ ነው የሚገዛው፤ ብዙዎቹም ዕድሜ ልካቸውን ያቆዩታል። እኔ ለተማሪዎቼ ከሠሪ ጋር የምዋዋለው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ቢሆንም አንድ ዓመት አራት በገናዎች ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሱልን። ሠሪው «በቀኑ አስረከብኩ» ብሎ ደስ ብሎት ሄደ። መልኩ በእርግጥ ውብ ነበር፤ በሐረግ የተቀረጸ ቀንበር፣ የተወለወለ ዓምድ። ችግሩ የታየው ስንደረድረው ነው። ከአሥሩ አውታሮች በአራቱ ሥር እንዚራው (በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ) በቦታው አልተቀመጠም፤ አውታሩ ብርኩማው (አውታሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ላይ በቀጥታ አርፏል። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ የሚነዝር ድምፅ ደግሞ አውታሩ እንዚራውን እየነካ ሲርገበገብ የሚመጣ ነው። እንዚራ ማስተካከል ማለት ያችን የቆዳ ቁራጭ በጣት ጥፍር ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየገፉ፣ እያንዳንዱን አውታር እየደረደሩ፣ ጆሮ እስኪረካ መታገስ ነው። ለአሥር አውታር አንድ ሙሉ ከሰዓት ይፈጃል። የቸኮለ ሠሪ የሚዘለው ደግሞ ሁልጊዜ ይህንኑ የመጨረሻውን ቀን ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ፎቶግራፍ ላይ አይታይም።

የአንጀት አውታርም አዲስ ሲሆን ይለጠጣል። ተወጥሮ፣ ላልቶ፣ እንደገና ተወጥሮ ነው የሚረጋው። ተማሪዎቼ የጾሙን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያሳለፉት በመዝሙር ሳይሆን በመቃኘት ነው። ስለዚህ ዕቃው «አለቀ» ከተባለበት ቀን በኋላ ሠሪው ቤት ተቃኝቶ የሚቀመጥበት አንድ ሳምንት በቀጠሮው ውስጥ አብሮ ሊቆጠር ይገባል። ናይሎን ለሚታሰርበት ክራርም ቢሆን ሁለት ሦስት ቀን ያስፈልጋል።

ለጥያቄ አቅራቢው አንድ ነገር ልጠቁም። ሱቅዎ ውስጥ ሁለት የውሰት መሣሪያ ይኑርዎት። ቀን የደረሰበት ደንበኛ ያንን ይዞ ይሂድና የራሱ ሲደርስ ይመልስ። ለአጋሮው ሰው የራስዎን ክራር የሰጡት ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ቢያውሱት ኖሮ የምረቃው ቀንም አያልፍም፣ ገበቴውም አይሰነጠቅም ነበር።

---

ባለሱቋ ከፈረንጅ አራዳ

የውሰቱ ሐሳብ መልካም ነው፤ የምትመለሰው ግን በምን ሁኔታ ነው? ከሠርግ የተመለሰ ክራር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጅ ይሸታል።

---

ጊታር ጠጋኝ

እስካሁን የተነገረው ስለ ባህሉ መሣሪያ ነው። ጥያቄ አቅራቢው ጊታርና ኪቦርድም እንደሚሸጡ ስለገለጹ በዚያ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ምክንያቱም ሰዉ ሁሉ «የተገዛ ዕቃ ነው፣ ምን ማድረቅ አለበት» ብሎ ካርቶኑን ሳይከፍት ያስረክባል፤ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል።

ከፋብሪካ የመጣ ርካሽ ጊታር ያለቀለት ዕቃ አይደለም፤ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ዕቃ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ባሕር ተሻግሯል፣ ከጂቡቲ ወደብ በሙቀት ወጥቷል፣ አዲስ አበባ መጋዘን ከርሟል፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዞ ጅማ ደርሷል። አንገቱ ትንሽ መጉበጡ ወይም አውታሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ካለው የብረት መስመር) መራቁ አይቀርም። እኔ ለአንድ ጊታር የምፈጀው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንገቱን በዓይን አነጣጥሬ አያለሁ፤ አውታሮቹን አንድ በአንድ በየፍሬቱ እጫናለሁ፤ የሚንጣጣ ካለ አስተካክላለሁ፤ መቃኛዎቹን አጠብቃለሁ። ገዢው ጀማሪ ከሆነ ጣቱ ሲቆስል ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ይቀራል፤ ለጓደኛው ደግሞ ከእናንተ ሱቅ ግዛ አይልም።

በችኮላ የሚሠራ አንድ ስሕተት በተለይ ልንገራችሁ። የናይሎን አውታር ሲጠፋ «ለጊዜው» ተብሎ ክላሲክ ጊታር ላይ የብረት አውታር ይታሰራል። የናይሎኑ ስድስት አውታር በድምሩ የሚስበው ወደ 40 ኪሎ ነው፤ የብረቱ ወደ 70 ይደርሳል። ብርኩማው በወራት ውስጥ ከገላው ተነቅሎ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ብቻ እንዲህ ሆነው የመጡልኝን ለመቁጠር የአንድ እጄ ጣቶች አልበቁኝም። አውታሩ እስኪመጣ ጊታሩን አለመሸጥ ይሻላል።

ለኪቦርድ ደግሞ ገመዱን ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የሚመጣው 110 ቮልት ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ደንበኛው ፊት ጢስ ሲወጣ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጪ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ አንድ የተመለሰ ኪቦርድ የብዙ ሳምንት ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

---

ረዳት የነበርኩ

በጅማ መስመር ስምንት ዓመት የአውቶቡስ ረዳት ሆኜ ስለሠራሁ ስለ ማጓጓዙ ልናገር። ሠሪው ሦስት ወር የደከመበትን ዕቃ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ በጆንያ ጠቅልሎ «ተጠንቀቅልኝ» ይለኛል። እኔ ምን ላድርግ? ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፤ ሥሩ የቡና ጆንያ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ወልቂጤ ላይ የተጫነ ፍራሽ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ጣሪያው እጅ አያስነካም፤ ሙጫ የሚለሰልሰው እዚያ ነው።

ክራር የምትልኩ ሰዎች፣ አውታሩን አላልታችሁ ላኩ፤ ፈጽሞ አትፍቱት፣ ብርኩማው ይወድቃል። በገበቴውና በቀንበሩ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በጨርቅ ይሞላ፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ ክንዱ ነው። ከዚያ ጠንካራ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይም «ከላይ ዕቃ አይጫን» የሚል ጽሑፍ በትልቁ። ከሁሉም በላይ ጣሪያ ላይ እንዳይሆን አንድ የመቀመጫ ሒሳብ ጨምሩበት። ደንበኛው በአንድ ቀን እንዲደርስለት ከፈለገ ይህን ለመክፈል እምቢ የሚል አላጋጠመኝም፤ ያልነገሩት ነው የሚከራከረው።

---

የሕግ ነገር አዋቂ

ቀብድ የሚለው ቃል ደጋግሞ ስለተነሣ አጭር ማስታወሻ ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ እንደሚደነግገው ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። በሌላ አነጋገር አምስት ሺሕ ብር ቀብድ ተቀብሎ «አልቻልኩም» የሚል ሠሪ አሥር ሺሕ ሊመልስ ይችላል። ለዚህ ነው ቀኑን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የአውታሩን ብዛትና በመዘግየት ጊዜ የሚደረገውን በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፎ ሁለቱም ወገኖች መፈረማቸው የሚጠቅመው። ከገንዘቡ በፊት ወረቀቱ ቢቀድም ቃል ከአፍ አያመልጥም።

---

የሄርማታው ጠራቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳሰላስለው ከረምኩ፤ በጥያቄዬም ውስጥ ስሕተት እንደነበረ ተረዳሁ። ጥራትንና ፍጥነትን በአንድ ሚዛን ግራና ቀኝ አስቀምጬ ነበር የጠየቅኳችሁ። የቸኮልኩት ግን ሥራውን ከትእዛዙ በኋላ ስለጀመርኩ ነው። ሊያጥር የማይችለው መድረቁ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ደንበኛ በሌለበት ሊያልቅ ይችላል። ቀንበር መቅረጽ፣ አውታር ማሰር፣ ቫርኒሽ መቀባት ሁሉ ተደምሮ ከሳምንት አይበልጥም።

ባለሱቋ እህቴ «የተዘጋጀ ሽጥ» ስትይኝ መጀመሪያ ያስፈራኝ ገንዘቡ ነበር፤ ሃያ ያለቀ ክራር መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አቅሜ አይደለም። ሃያ ሸካራ ገበቴ ግን እችላለሁ፤ የሚጠይቀው እንጨቱንና ጉልበቴን ብቻ ነው፣ ጉልበቴ ደግሞ ክረምት ላይ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ልፈልፍል፣ በአባቴ ቆጥ ላይ ልደርድር።

---

ባለሱቋ ከፈረንጅ አራዳ

ይህ ያስማማናል። ግን ለመጪው ጥር አይደርስልህም፤ ለዚህ ዓመት ምን ትሸጣለህ?

---

የሄርማታው ጠራቢ

እውነት ነው፣ አይደርስም። ለዘንድሮ በረንዳ ላይ ካለፈው ዓመት የተረሱ ስድስት ገበቴዎች አግኝቻለሁ። ስድስት ብቻ እሸጣለሁ፤ ሰባተኛው ደንበኛ ሲመጣ ወደ እርስዎ ሱቅ እልካለሁ።

---

የሄርማታው ጠራቢ (ከሰባት ወር በኋላ፣ በየካቲት)

ውይይቱን ለሚከታተሉ ሰዎች የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ከስድስቱ አምስቱን በጥር ሸጥኩ፤ አንዱ ሲለሰልስ የቆየ ስንጥቅ ስለወጣበት ለጥገና መለማመጃ አደረግኩት። ከአምስቱ እስካሁን የተመለሰ የለም። ስድስተኛው ደንበኛ ዕቃ ስላልነበረኝ ቅር ብሎት ሄዷል፤ እሱን አልደብቃችሁም። ከክረምቱ ሃያ ገበቴዎች ሦስቱ ቆጡ ላይ ተሰነጠቁ። ጫፋቸውን ሰም ያልቀባኋቸው እነዚያው ሦስቱ ነበሩ፤ ሰሙ አልቆብኝ «ለእነዚህ ይቅር» ብዬ ነበር።

ሚዛኑን ከአንድ ቡና ነጋዴ ጎረቤቴ በየሰኞው እዋሳለሁ። በእያንዳንዱ ገበቴ ሆድ ውስጥ በእርሳስ ቀኑንና ክብደቱን እጽፋለሁ፤ ስለዚህ ደንበኛ ሲጠይቀኝ አገላብጬ አሳየዋለሁ። ያላሰብኩት ጥቅም ይህ ሆነ፤ ቁጥሩ በየሳምንቱ ሲወርድ ያየ ሰው ስለ ቀጠሮው አይከራከርም። አንድ የበገና ደንበኛ እንዲያውም ሰኞ ሰኞ ራሱ እየመጣ ይመዝናል። ባለፈው ሳምንት አሥራ አምስት ግራም ቀንሶ አገኘውና በዚህ ጾም እንደማይደርስለት ነገርኩት። የውሰቱን በገና ይዞ ሄደ።

---

የአጋሮ ገዢ

መልካም ዜና ነው። እንግዲያው እኔም ልጠይቅ፤ ለመጪው ቅዳሜ የሚሆን ክራር ይኖርዎታል?

---

የሄርማታው ጠራቢ

ሁለት አሉ። አንዱ ቆዳ የለበሰው ትናንት ስለሆነ አይሸጥም። ሁለተኛው አውታር ከታሰረለት አራት ቀኑ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ትዝታ ቃኝቼው ወጥቻለሁ፣ ማታ ስመለስ ቅኝቱን ይዞ ካገኘሁት ነገ መጥተው ይውሰዱት።